የደግፌ ዶቅዶቄ በጀፎረው ላይ

በኛ ጊዜ እንዲህ እንደናንተ ባጃጅ በየመንገዱ አልፈላም፣ ልጆች። ቡታጅራ ውስጥ ሞተር ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር፣ ከነዚያ ውስጥ ደግሞ ደህና ሞተር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ ሸምሱ! ሳቁ፣ ሳቁ። የኔ የጃፓን ነበር። የጓደኛዬ የደግፌ ደግሞ የእንግሊዝ። ሁለቱም በጃንሆይ መጨረሻ፣ በደርግ መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው፣ እኛ እጅ የገቡት አርጅተው ነው። እኔ በርበሬ እገዛለሁ፣ እሱ ከብት ያክማል፣ እና ገበያ ገበያውን አብረን እንዞር ነበር። ይሄ እንግዲህ ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን ነው።

"የቱ ይሻላል?" አላችሁኝ አይደል? ኧረ ይሄም ይጠየቃል! ጃፓኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን ታዞራለህ፣ አንዴ ትረግጠዋለህ፣ ይነሳል። ዘይት አያንጠባጥብም። ድምፁም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ማንንም ሳያስቸግር ይሄዳል። እንግሊዙ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። ደግፌ ላብ እስኪያጠምቀው ይረግጠዋል፣ ይረግጠዋል፣ ካንዴላውን ፈትቶ ይጠርጋል፣ እንደገና ይረግጠዋል፣ እና ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ዱብ ዱብ ዱብ! ከጋራ ማዶ ይሰማል። የቆመበት ቦታ ሁሉ በዘይት ይጠቁራል። እኔ ታዲያ "አንተ ደግፌ፣ ይሄን ሽማግሌ ጡረታ አውጣው እንጂ" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ "ሂድ ወዲያ፣ ያንተ ያስነጥሳል፣ የኔ ነው የሚናገር" ይለኛል። እንዲህ ስንባባል ነው ዕድሜያችን ያለቀ።

አንድ ነገር ግን ልብ አድርጉልኝ፣ ይሄን ካልያዛችሁ ጨዋታው አይገባችሁም። በጃፓኑ ማርሹ ግራ እግር ላይ ነው፣ ፍሬኑ ቀኝ እግር ላይ። እንደ ዛሬዎቹ ማለት ነው። በእንግሊዙ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ማርሹ ቀኝ፣ ፍሬኑ ግራ። ገባችሁ? ፍሬን ብለህ ቀኝ እግርህን ስትረግጥ ማርሽ ትጨምራለህ። ስለዚህ እኔ የሱን ነድቼው አላውቅም፣ እሱም የኔን ነድቶ አያውቅም።

ታዲያ ደግፌ ሞተ። ወልቂጤ ለሥራ ሄዶ ትኩሳት ያዘው፣ ብዙም አልቆየ፣ ሬሳው በመኪና መጣ። አገሩ ከጉንችሬ ወዲህ ነው፣ እዚያ ተቀበረ። እናቱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ እና ሬሳውን አልቀርብም አሉ። "ልጄ በመኪና አይመጣም፣ ልጄ በዶቅዶቄው ነው የሚመጣው። ድምፁን ሳልሰማ ማንን ነው የምትቀብሩት?" አሉ። አላለቀሱም። እህል አልቀመሱም። ሴቶቹ ፊታቸውን እየነጩ ሲያለቅሱ እሳቸው "ዝም በሉ፣ ልስማበት!" እያሉ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ያቀናሉ። እንዲህ ከቆየች ትሞታለች ተባለ፣ ሁሉም ፈራ። የሚያስፈራ ነው ልጆች፣ ልጇን ያጣች እናት ሳታለቅስ ማየት።

ከቀብሩ በኋላ ለዋናው ልቅሶ እኔም ከቡታጅራ ሄድኩ፣ ዶቅዶቄውን በጭነት መኪና ጭኜ። እኔ ግቢ ነበር አቁሞት የሄደው፣ ለቤተሰቡ ላስረክብ ብዬ ነው። ልቅሶው ጀፎረው ላይ ነው፣ ጀፎረ ያው በቤቶቹ መሐል የሚያልፈው ሰፊው የሣር መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ እንሰት። እኩለ ቀን ሆኖ ጉሙ አልተነሳም፣ ከእንሰቱ ወዲያ ምንም አይታይም። እና የደግፌ አጎት ተነሱ። "የወንድ ልቅሶ ነው፣ ፈረሱ ይውጣ!" አሉ። ድሮ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ የሟች ልብስ ኮርቻው ላይ ሆኖ በልቅሶው መሐል ይዞራል። ደግፌ ፈረስ የለውም። "ይሄ ነው ፈረሱ" አሉ ዶቅዶቄውን እያዩ።

"እንግዲያው እየተገፋ ይዙር" አልኩ እኔ።

"እንደ ታመመ በሬ? እናቱ ድምፁን ትስማና ቁርጧን ትወቅ። ጓደኛው አንተ ነህ፣ ሞተርም ታውቃለህ፣ ውጣ!"

"ኧረ ጋሼ፣ የኔ ጃፓን ነው፣ የዚህ እግሩ ግልብጥ ነው" ብል ማን ይስማኝ! ጭራሽ ልቅሶ ላይ የምቀልድ መሰላቸው። የደግፌን ካፖርት ከኋላዬ ኮርቻው ላይ አሰሩት። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ እንደሆነ ተበጥሷል፣ ደግፌ ግዴለም ብሎ ትቶታል፣ ያለው የእግሩ ብቻ ነው። ቢስሚላሂ ብዬ አንዴ ረገጥኩት። አንዴ! ያ ላብ የሚያጠምቅ ዶቅዶቄ ባንዴ ተነሳ። ደስ አላለኝም። ሲጠብቀኝ የቆየ መሰለኝ።

ቀስ ብዬ ሄድኩ፣ ዱብ ዱብ ዱብ፣ እና ልቅሶው ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሙሾ አውራጇም ወደ ድምፁ ዞረች። ጀፎረው ቁልቁለት ነው፣ ዶቅዶቄው ፈጠነ። ያን ጊዜ እናትየው ከተቀመጡበት ምንጣፍ፣ ከጅባው ላይ ብድግ አሉ። "መጣ! አላልኳችሁም? መጣ!" ብለው፣ የያዟቸውን ሴቶች ወርውረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ወደ ድምፁ ሮጡ። ወደኔ!

እኔስ ምን አደረግኩ? የለመድኩትን ነዋ! ቀኝ እግሬን ረገጥኩ። ማርሹ ገባ፣ ዶቅዶቄው ዘለለ። "እማማ፣ ዞር በሉ!" እላለሁ፣ እሳቸው "ልጄ! ልጄ!" እያሉ ይመጣሉ። ጭንቅላቴ ግራ ነው፣ ግራ ነው ይላል፣ እግሬ አይሰማም፣ አሁንም ቀኙን ይረግጣል። ልማድ ክፉ ነው። በቃ፣ የጓደኛዬን እናት በልቅሶው ቀን ገደልኳቸው አልኩ።

ታዲያ ያን ጊዜ ግራ እግሬ ላይ ሰው ቆመ። ሰው ነው የምላችሁ! ቦት ጫማ ያደረገ የሰው እግር፣ የኔ እግር ላይ ሆኖ፣ ደፍጥጦ ወደ ታች ረገጠኝ። ፍሬኑ ያዘ። ሞተሩ ጠፋ። የፊት ጎማው የእናትየውን ቀሚስ ጫፍ ነክቶ ቆመ።

እኔ መሪው ላይ ተደፍቻለሁ፣ ቀና ማለት ፈራሁ። እናትየው እጃቸውን ሰደዱ። እኔን አልነኩኝም፣ እጃቸው በትከሻዬ ላይ አለፈ። ከኋላዬ፣ ከካፖርቱ በላይ፣ ባዶ አየር ላይ፣ ልክ የሰው ፊት እንደሚዳሰስ፣ እንዲህ፣ እዩኝ፣ ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ፣ ዳሰሱ። በዓይኔ ጫፍ እያየሁ ነው! አጎትየውም ያያሉ፣ ሰው ሁሉ ያያል።

"ልጄ" አሉ፣ "ፊትህ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ?"

እና እጃቸው እዚያው ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው "እህ፣ ለካ እውነታቸውን ነው" አሉ። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም፣ ስለ ጓደኛዬ ይሁን ከፍርሃት ይሁን አላውቅም። ሴቶቹ መጥተው አቀፏቸው፣ በማግስቱም እህል ቀመሱ።

ጫማዬን ሳወልቅ የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ለሼኻችን ነገርኳቸው፣ "ድንጋጤ ነው ሸምሱ፣ ፍሬኑ ነው የመታህ፣ ዱዓ አድርግ" አሉኝ። ይሁን፣ ድንጋጤ ይሁን። ፍሬኑ ግን ከእግር በታች ነው ልጆች፣ የተመታው ከላይ ነው።

ምን አልክ አንተ? "ታዲያ የቱ ይሻላል?" ሃ ሃ ሃ! ይሄ ልጅ እኮ! ጃፓኑ ነው አልኩህ፣ ጃፓኑ! ከጃፓኑ ላይ ስወርድ ብቻዬን ነው የምወርደው።