የክሊኒኩ ቀዝቃዛ ወይን ጠጅ

የሽንፋ ቆላ ፀሐይ ጥቅምትን እንደ ሚያዝያ ታደርገዋለች። አያ ቢሻው ከአሰፋች ሻይ ቤት ዳስ ሥር ገብተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ነገር የጀመሩት በሙቀቱ ነው። የወንዙ ውኃ እንኳ ለብ ብሏል አሉ። ቀጥለው ስለ ሰሊጡ አወሩ፤ ዘንድሮ አምሮበታል፣ ልጃቸው ዘሩም ነገ ለአጨዳ ይወርዳል። አሰፋች ብርጭቆ እያጠበች ትሰማለች። ከሦስት እርምጃ ወዲያ የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ነጭ ወይን ጠጅ ከቅዝቃዜው ብዛት ጠርሙሱን አልቦታል።

አያ ቢሻው ፈሪ ሰው ናቸው። በዚያ የአብዮት ዘመን በሊቀ መንበር ላይ ቃል መወርወር ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ነገር ግን ጠዋት ያዩት አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ከጎንደር የመጣው የእባብ መድኃኒት ከነካርቶኑ የክሊኒኩ መስኮት ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ በአገሩ ያለው አንድ ፍሪጅ፣ በላምባ የሚሠራው የክሊኒኩ ፍሪጅ፣ ደግሞ በሊቀ መንበሩ ወይን ጠጅ ሞልቷል። የፊተኛውን መድኃኒትም ሙቀት አበላሽቶት፣ ባለፈው ሳምንት የሰሊጥ ነዶ ሲያቆም በእባብ የተነደፈ የጎጃም ልጅ ሞቷል።

ስለዚህ ፊታቸውን ወደ አሰፋች፣ ድምፃቸውን ወደ ጎረቤት ወንበር አደረጉ።

«የዘንድሮ ሰው አጠጣጥ አወቀ፣ አይደል አሰፋች? እኛ ድሮ በዚህ ፀሐይ ዐረቄ እየገለበጥን የትም እንወድቅ ነበር። አሁን ግን አስተዋይ አለልሽ… ቀለል ያለውን፣ የማያሰክረውን መርጦ፣ ያውም አቀዝቅዞ። ምን ነውር አለው? የሕዝብ ሥራ የያዘ ሰው ውስጡ ሊቀዘቅዝለት ይገባል። ፍሪጁስ የመጣው ለሰፊው ሕዝብ አይደል? ሰፊው ሕዝብ በአንድ ጉሮሮ ልጠጣ ብሎ ወስኖ ይሆናል… እኔ እንጃ፣ ያን ዕለት ስብሰባ ቀርቼ እንደሆነ።»

አሰፋች ጎንበስ ብላ ሌላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። አያ ቢሻው የጎጃሙን ልጅ አነሱ። ትዕግሥቱን አመሰገኑ፤ ክሊኒኩ በራፍ ላይ አስተኝተውት እንኳ አንድ ጊዜ አልጮኸም።

«ጨዋ ልጅ… ጠርሙሶቹን ከእንቅልፋቸው ላለመቀስቀስ ይሆናላ። አዲሱ መድኃኒትም ቢሆን ትንሽ ፀሐይ ይሙቅ፣ ቆላውን ይልመድ። የደጋ እንግዳ አይደል?»

ከኋላቸው ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። አያ ቢሻው አልዞሩም። ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን ደፉ።

«በይ ደህና ዋይ ልጄ። ሽማግሌ ከምርቃት በቀር ምን አለው? የእኔ ዘሩ ወይን አልለመደም፤ እሱን እግዜር ዝም ብሎ ይጠብቅልኝ። ወይን የለመደውን ደግሞ… ሣር ሲረግጥ፣ ለሽንት ወጣ ሲል፣ ከአልጋው ሥር ጫማውን ሲፈልግ፣ እባብ አያግኘው። ካገኘውም የፍሪጁ ላምባ አይለቅበት። ተሸክመን ክሊኒኩ ስናደርሰው፣ ፍሪጁን ስንከፍትለት፣ ያ የወደደው ጠርሙስ እንደቀዘቀዘ ይጠብቀው። አሜን በይ እንጂ።»