የዘይት ታንከሩ ውስጠኛ ጎን

ስፋክስ ከተማ ውስጥ፣ ለብየዳ የሚሆን አርጎን ጋዝ ከሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ባይጮሁ ኖሮ፣ ያን ቀን ጠዋት ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

"አየር ነው የሸጥክልኝ! አየር!" ይላሉ፤ የቆመውን ሲሊንደር በጫማቸው ጫፍ ይመቱታል።

ባለ ሱቁ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈ መለሰላቸው። "አጎቴ ኸሚስ፣ ከተማው በሙሉ ከዚሁ ጋዝ ነው የሚበይደው። አንድም ሰው አልመለሰብኝም።"

"ከተማው ሲታለል እኔም ልታለል?"

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳበሱና የብየዳው እሳት የሚነሳበትን ቀጭን የተንግስተን መርፌ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። የመርፌው ጫፍ ቀልጦ እንደ ሽምብራ ድቡልቡል ብሏል። ወረፋዬ ከእሳቸው ቀጥሎ ስለነበር አነሳሁትና አየሁት። ጋዙ ምንም አልበደለም።

"አጎቴ፣ መርፌውን የሚይዘውን ቶርች ማሽኑ ላይ የት ነው የሰኩት? ፖዘቲቩ ላይ?" አልኳቸው።

ዞር ብለው ከእግር እስከ ራስ ቃኙኝ። "አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?"

"ራውዳ እባላለሁ። የብረት ኢንጂነር ነኝ። ወረፋ እየጠበቅኩ ነው።"

"እንግዲያው ወረፋሽን ጠብቂያ!"

ባለ ሱቁ ሳቀ። እኔ ግን የያዘኝ ነገር አይለቀኝም። "ፖዘቲቩ ላይ ነው አይደል?"

"ታዲያ የት ይሰካ? ጢሜ ሳይበቅል ጀምሮ መያዣው የሚሰካው ፖዘቲቩ ላይ ነው።"

"የለመዱት የተለበጠውን ኤሌክትሮድ፣ ተራውን የብየዳ ዘንግ ስለሆነ ነው። በዚያኛው ብየዳ ኤሌክትሮዱ ራሱ ይቀልጥ ዘንድ ነው የሚፈለገው፤ ትክክል ነዎት። በዚህኛው ግን መርፌው መቅለጥ የለበትም። ብዙው ሙቀት የሚሄደው ወደ ፖዘቲቩ ነው፤ እርስዎ መርፌውን እዚያ አስቀምጠው ያቃጥሉታል፣ ከዚያ ጋዝ ሻጩን ይሰድባሉ።"

ባለ ሱቁ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። "አልሐምዱሊላህ! ነጻ ወጣሁ።"

ኸሚስ መርፌውን ከእጄ ነጥቀው ወደ ኪሳቸው መለሱት። አላመኑኝም። ሆኖም አዲሱን ሲሊንደር ጭነው ሊሄዱ ሲሉ መኪናቸው አጠገብ ቆም ብለው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባልታወቀ ድምፅ ተናገሩ። "ነገ ቀትር ላይ ወሲላ ትመጣለች።"

ወሲላ ማን እንደሆነች ስጠይቃቸው ሁሉንም ዘረገፉት። አጋረብ በምትባለው ከተማ የወይራ ዘይት መጭመቂያ አላት። የድሮዎቹን የብረት በርሜሎች ጥላ ዝገት በማይነካው ብረት የተሠሩ ታንከሮች ልታስገባ ፈልጋ ሥራውን ለኸሚስ ሰጠቻቸው። እሳቸውም የበርና የመስኮት ሥራቸውን ትተው አዲስ ማሽን ገዙ። የመጀመሪያውን ታንከር ግን መለሰችባቸው። ሁለተኛውን ነገ አይታ ካልወደደችው ቀሪውን ሁሉ ለከተማው ፋብሪካ ትሰጣለች። የወይራ ለቀማው ተጀምሯል፤ ዘይቱ መቀመጫ ይፈልጋል፤ እሷ ከዚህ በላይ መጠበቅ አትችልም።

"እሷ ከሄደች ወርክሾፑን እዘጋለሁ" አሉ። "ማን ነው ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚሰጠኝ? ወሲላ የመለሰችው ሰው እየተባልኩ።"

እኔም አጋረብ ጉዳይ ነበረኝ። ጉዳዩ ሊቆይ ይችል ነበር፤ ግን ነገሩ እያናደደኝ ስለመጣ በመኪናቸው ተሳፈርኩ።

ወርክሾፑ እዚያው አጋረብ፣ ከወይራ ማሳ ጥግ ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ማሽኑን ሳየው ማመን አቃተኝ። የፊት ሰሌዳውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍነውታል። ክፍት የተተወው አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው፤ የአምፔሩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዳይነካካ ነዋ። ማዞሪያ የሚያበዙት እጅ ለሌለው ሰው ነው። እኔ እጅ አለኝ። ኃይሉን ከፍ አደርጋለሁ፣ ፈጠን እላለሁ፣ አለቀ።"

"እጅዎ ጋዝም ይነፋል?"

"ምላስሽ ግን ይነፋል።"

ወደተመለሰው ታንከር ሄድኩ። ውጭውን በግራይንደር ሞርደው ሞርደው መስታወት አስመስለውታል፤ ብየዳው የት እንዳለ እንኳ አይለይም። በመግቢያው ቀዳዳ አንገቴን አስገብቼ በስልኬ ብርሃን ውስጡን አየሁት። መገጣጠሚያው በሙሉ ከድስት ግርጌ እንዳረረ ስኳር ጠቁሯል፤ ተቦርቡሯል። በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ።

"አጎቴ፣ ይህን አይተውታል?"

"ውስጡን ማን ያየዋል?"

"ወሲላ አይታዋለች። ዘይቱም ያየዋል። ሰው የሚያየውን ጎን አሳመሩ፤ ዘይቱ የሚያድረው ግን በዚህኛው ጎን ነው። በዚህ ቀዳዳ ሁሉ ያለፈው ዘይት ይሸጎጣል፤ ታጥቦም አይወጣም፤ ይከረፋል፤ የሚቀጥለውንም ያከረፋዋል።"

የአገራችን በያጆች ልማድ ይህ ነው፦ በርና አጥር ሲሠሩ ኖረው፣ ያበላሹትን በግራይንደር መሞረድና በቀለም መሸፈን ለምደዋል። በር ዘይት አይዝምና እስከ ዛሬ አላስጠየቃቸውም። ምግብ በሚይዝ ዕቃ ላይ ግን ያው ልማድ ጥፋት ነው። ይህን መናገር ሰውየውን መናቅ አይደለም፤ ዝም ማለቱ ነው መናቅ።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ፣ "አንቺ እንዳልሽው ላድርግና ቢበላሽስ?"

"ወሲላ ፊት ቆሜ የኔ ጥፋት ነው እላለሁ።"

"በአላህ?"

"በአላህ። አሁን ያንን ፕላስተር ይላጡት።"

እያጉረመረሙ ላጡት። ከዚያ ቁርጥራጭ ላሜራ አምጥተን ጀመርን። ቶርቹን ወደ ኔጋቲቭ፣ ላሜራውን የሚይዘውን የሽቦ መቆንጠጫ ወደ ፖዘቲቭ አዞርነው። መርፌውን አሾልን፤ ኸሚስ እንደ እርሳስ ዙሪያውን ሊስሉት ሲሉ አስቁሜ በቁመቱ እንዲሞርዱት ነገርኳቸው፤ ጭረቱ ወደ ጫፉ ከሄደ እሳቱም ሳይንቀጠቀጥ ወደ ጫፉ ይሄዳልና። ቀጥሎ አምፔሩን አየሁ። ከመቶ ሃምሳ በላይ ነበር፤ ወደ ሰባ አወረድኩት።

"ሰባ?" ጮኹ። "በሰባ ሻይ አይፈላም!"

"ላሜራው ሁለት ሚሊሜትር ነው። ሊበይዱት ነው ወይስ ሊበሱት?"

"እኔ ፈጠን እላለሁ አልኩሽ እኮ።"

"አውቃለሁ። ስለሚፈጥኑ ነው አንዱ ቦታ የተበሳው፣ ሌላው ያልተያያዘው።"

የጋዙን መቆጣጠሪያ ስመለከት እስከ ጥግ ተከፍቷል። በደቂቃ ወደ ስምንት ሊትር ቀነስኩት። ይህኛው ደግሞ ይበልጥ አስገረማቸው፤ ጋዝ ሲበዛ መልካም ነው ብለው ያምኑ ነበርና። "ቧንቧ በኃይል ሲከፈት ውኃው ይፈናጠር የለ?" አልኳቸው። "ጋዙም በኃይል ሲወጣ ይሽከረከርና የውጭውን አየር ጎትቶ ያስገባል። ዝግ ብሎ ሲፈስ ነው እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍነው።"

"ይሄኛውስ ማዞሪያ?"

"እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጋዙ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ነው። እርስዎ ዜሮ ላይ አድርገውታል።"

"እንዴታ! ከጨረስኩ በኋላ ለማን ነው የሚነፋው? ለዝንቡ?"

"ለትኩሱ ብረት። እሳቱ ቢጠፋም ብረቱ ገና ቀይ ነው። በዚያ ሰዓት አየር ካገኘው ይጠቁራል፤ መርፌውም አብሮት ይቃጠላል። ስምንት ሰከንድ ያህል ይስጡት፤ እጅዎንም ሳያነሱ እዚያው ይጠብቁ።"

"ሥራዬን ጨርሼ እንደ ሐውልት ልቁም?"

"እንደ ሐውልት።"

አጠገቡ ያለውን ማዞሪያም አሳየኋቸው፤ ሲጨርሱ ኃይሉን በአንዴ ከመቁረጥ ቀስ በቀስ የሚያወርድ ነው። በአንዴ ሲቆረጥ ብየዳው መጨረሻ ላይ ጉድጓድ ይቀራል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ሲሰሙ ብቻ "እውነትሽን ነው፣ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚያፈስብኝ" አሉ።

ኸሚስ ቶርቹን ያዙና እንደ ክብሪት ላሜራው ላይ ሊጭሩት ዘረጉ።

"አይንኩት!"

"ሳልነካው እንዴት ይያያዛል?"

ትዕግሥቴ አለቀ። ቶርቹን ተቀብዬ ጭንብሉን አጠለቅኩ፤ መርፌውን ከላሜራው በትንሹ ከፍ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩት። እሳቱ ያለ ንክኪ ዘሎ ተያያዘ። መርፌው ሲነካ ጫፉ ተሰብሮ ብየዳው ውስጥ እንደሚቀር እየነገርኳቸው አንድ መስመር በየድኩ። ጭንብሌን ሳነሳ ኸሚስ መስመሩን እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"ምን ያስቅዎታል?"

"ዶሮ የሄደችበት ይመስላል።"

"እጅ የለኝማ። እጅ ቢኖረኝ ከእርስዎ ጋር ምን አጨቃጨቀኝ?"

ከልባቸው ሳቁ፤ ከዚያ ቶርቹን ወሰዱ። አጎነበሱ። እሳቱ ተያያዘ። እጃቸው እንደ ሰዓት ቆጣሪ በእኩል እርምጃ ሄደ፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ኃይሉ ወረደ፤ እሳቱ ጠፋ፤ ጋዙ እስኪያበቃ እንደ ሐውልት ቆሙ። የወጣው መስመር በተርታ የተደረደረ ሳንቲም ይመስላል፤ መልኩም የስንዴ ገለባ። እኔ ሳልነግራቸው ላሜራውን በጉጠት አንስተው ገለበጡት። ጀርባው አሁንም ጠቁሯል።

"ይኸው!" አሉ፤ ፊታቸው ወደቀ። "ይኸው፣ ያው ነው። ነገ ልታባርረኝ ነው።"

"ገና አልጨረስንም። ከፊት ያለው ጋዝ ጀርባውን አይሸፍንም። በጀርባውም በኩል ጋዝ ያስፈልጋል።"

"ታንከሩን ሙሉ በጋዝ ልሞላ? ያንን ሁሉ ጋዝ ከየት አምጥቼ?"

"መሙላት አያስፈልግም። መገጣጠሚያው ላይ ብቻ—"

አላስጨረሱኝም። ተነስተው ቀጭን ላሜራ ቆረጡ፤ እንደ ቦይ አጠፉት፤ ጎንና ጎኑን ሙቀት በሚችል ፕላስተር ዘጉ፤ ከሲሊንደሩ የመጣ የጋዝ ቱቦ ሰክተውበት ከጀርባ ለጠፉት። "እንዲህ?" አሉ። እንዲያ ነበር። ዳግመኛ በየዱ፤ ገለበጡት። ጀርባው ከፊቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ብሩህ፣ ልሙጥ።

ኸሚስ ብዙ ጊዜ በአውራ ጣታቸው አሻሹት። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ማሽኑን ስሰድበው ነበር" አሉ።

ሁለተኛው ታንከር በነጠብጣብ ብየዳ ብቻ ተያይዞ ቆሞ ነበር። ኸሚስ ያንኑ ዕለት ጀመሩት። እኔ ወደ ጉዳዬ ሄድኩ፤ ቃል ስለገባሁ ግን በማግስቱ ከቀትር በፊት ተመለስኩ።

ወሲላ መጣች። መሐረቧን ግንባሯ ላይ አጥብቃ ያሰረች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት ናት። ሰላምታዋ እንኳ አጭር ነበር። "ኸሚስ፣ ወንድሜ፣ እንዳትቆጣኝ። የፋብሪካው ሰው ስልኩን ይዞ እየጠበቀኝ ነው።"

"ይጠብቅ" አሉ ኸሚስ።

ከቦርሳዋ ነጭ ጨርቅ አወጣች፤ በመግቢያው በኩል እስከ ወገቧ ገባች። ከውጭ የሚታየን እግሯ ብቻ ነው። ጨርቁ ሲሻሽ ይሰማል። አንዴ ቆመ፤ ኸሚስ ክንዴን ያዙኝ። እንደገና ቀጠለ። ከዚያ ድምፅዋ በታንከሩ ውስጥ እያስተጋባ መጣ። "ኸሚስ!"

"አቤት?"

"የት ጋ ነው የበየድከው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"መገጣጠሚያውን በእጄ ብፈልገው አላገኘሁትም፤ ጨርቄን የሚይዝ ነገር የለም!"

ወጣች። ጨርቁ ነጭ እንደነበረ ነው። ኸሚስ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀመጡ። ወሲላ ስልኳን አውጥታ ለፋብሪካው ሰው "አልመጣም፣ ሰው አግኝቻለሁ" ብላ ዘጋችው። ከዚያ ዳቦና የአዲሱን ወይራ ዘይት ከመኪናዋ አወረደች፤ ቆመን እየነከርን በላን። ዘይቱ ጉሮሮ ያቃጥል ነበር፤ የደህና ዘይት ምልክቱ ይህ ነው።

ማዶ ያለው በያጅ ወሬ ሸቶት መጣ። "መዓለም ኸሚስ፣ ምን ተአምር ሠራህ?" አለ፤ የእጅ ባለሙያን የምንጠራው መዓለም እያልን ነው።

"ተአምር የለም" አሉ ኸሚስ አፋቸው እንደሞላ። "መርፌውን ኔጋቲቩ ላይ ሰካሁ። ድሮ በአንድ መስመር አንድ መርፌ እበላ ነበር፤ ትናንት ሙሉውን የሠራሁት በአንዷ ነው። ጋዙን ቀነስኩ፤ ሲሊንደሩ ገና አላለቀም። ከጀርባም ጋዝ ሰጠሁት። ግራይንደር ደግሞ አልነካሁም፤ ምን ልሞርድ? ዛሬ ስተነፍስ የብረት አቧራ አላሳለኝም።"

"ይሄ ሁሉ በማዞሪያ?"

"በማዞሪያና በእጅ። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። ማሽንህን አምጣና አሳይሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሁሉንም እንደማታውቅ ሆነህ ና።"

ከዚህ በላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። ማሽን የሚገዛ ሰው ልማዱንም ካልቀየረ የገዛው ብረት ብቻ ነው። ማዞሪያዎቹን ማወቅ እጅን አያሳንስም፤ በጥሩ እጅ ላይ ይበረክታል። ዘይቱ ሳይከረፋ ይከርማል፤ ጋዝና መርፌ አይባክንም፤ ሳንባም ከአቧራ ይተርፋል። በሩን የሚሠራውም፣ አጥሩን የሚሠራውም የማይታየውን ጎን ገልብጦ ማየት ቢለምድ ማንም አይጎዳም።

ኸሚስ ገና ፀሐይ ሳለ ወርክሾፑን ዘጉ፤ እኔንም ወደ ከተማ የሚሄደው መኪና ጋ ሊያደርሱኝ በቤታቸው በኩል አለፍን። ባለቤታቸው ማህቡባ ልብስ እያሰጣች ነበር። ወትሮ ሲመሽ በአቧራ ጠቁረው የሚገቡትን ኸሚስን በዚያ ሰዓት፣ ፊታቸውና ልብሳቸው ንጹሕ ሆኖ ስታይ የያዘችው ቀሚስ ከእጇ ወደቀ።

"ምነው ኸሚስ?" አለች። "ወሲላ አባረረችህ እንዴ?"