«ተዉ» ሲሉ የኖሩት ሲስተር አልጋነሽ ገብረክርስቶስ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ካዛንቺስ አብራችሁን የኖራችሁና ዛሬ ከየተበተናችሁበት ሰፈር በሁለት በሦስት ታክሲ ተሳፍራችሁ ኡራኤል የደረሳችሁ ጎረቤቶቻችን፤ የሲስተር አልጋነሽ ገብረክርስቶስን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ኃላፊነቱን የሰጠው ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ለሃብተአብ ነው። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ብሆንም ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ በእጄ የያዝሁት አራተኛው ነው። በመካከሉ ሳቅ ቢመጣባችሁ አትሸማቀቁ፤ እኔም ስጽፈው ስቄአለሁ።

ሲስተር አልጋነሽ የምድር ባቡር መካኒክ ከነበሩት ከአባታችን ከአቶ ገብረክርስቶስ እና ከእናታችን ከወይዘሮ መብርሂት በ1946 ዓ.ም. ለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ያኔ ሦስት ዓመቴ የነበርሁት እኔ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ሎሚናት መስሎኝ ተጎነጨሁ። እናታችን ገበያ ስለነበሩ የተሰበሰቡት ሴቶች ግማሾቹ «ወተት ስጡት»፣ ግማሾቹ «ጣት አስገብታችሁ አስመልሱት» እያሉ ሲከራከሩ፣ እኅቴ አንዱንም ሳይሰሙ በጀርባቸው አዝለውኝ እስከ ባቡር ጣቢያው ክሊኒክ ድረስ ሮጡ። የክሊኒኩ ድሬሰርም «እንኳን አላስመለሳችሁት፤ ሲወጣ ነው ሳንባውን የሚያቃጥለው» ብለው የእኅቴን ራስ ዳበሱ። እኅቴ በዚያ ቀን ነርስ ለመሆን ቆረጡ፤ ከዚያም በኋላ በቤታችን ውስጥ ነጭ ጋዝም ሆነ በረኪና በመጠጥ ጠርሙስ ተቀምጦ አያውቅም፤ ትእዛዙን የሰጡት ደግሞ የስምንት ዓመቷ ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በመልካም ውጤት አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1968 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀው ሁለት ዓመት በክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ ካገለገሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሠሩ። ድንገተኛ ክፍል ሰው አስቦና ተዘጋጅቶ የሚመጣበት ቦታ ስላልሆነ፣ ጠዋት እየሳቀ ከቤቱ የወጣ ሰው ቀትር ላይ በምን ምክንያት እንደሚተኛበት በየቀኑ ያዩ ነበር። ባዩት መጠንም አንዳንድ ነገሮችን እየተዉ መጡ። ጆሯቸውን በክብሪት እንጨት አይጎረጉሩም፤ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አይውጡም፣ የራሳቸውንም ለማንም አያካፍሉም፤ በርጩማ ላይ ቆመው አምፖል አይቀይሩም፤ ጥርስ በቅጡ ላላበቀለ ሕፃን ቆሎና ኦቾሎኒ ሲሰጥ ካዩ ሕፃኑን «ልየው» ብለው ተቀብለው ቆሎውን ከእጁ ያራግፉ ነበር። ይህን ሁሉ ግን ያደርጉት የነበረው በዝምታ ነው። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ይመልሳሉ እንጂ፣ ላልጠየቃቸው መናገር መድፈር ይመስላቸው ነበር።

በ1973 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ካዛንቺስ ሥጋ ቤት የነበራቸው ወጣቱ አቶ ገበያው ግራ እጃቸውን ቢላዋ ቆርጧቸው በፎጣ ጠቅልለው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ሲስተር አልጋነሽ ቁስሉን አጥበው በአምስት ስፌት ከሰፉላቸው በኋላ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ይዘው ሲመለሱ፣ ቀኑን ሙሉ በሬ ሲበልቱ የሚውሉት ሰው መርፌ ፈርተው በጓሮ በር ሾልከዋል። እኅቴ ሥራቸውን ጨርሰው መርፌውን በበረዶ ዕቃ ይዘው ሥጋ ቤቱ ድረስ ሄዱ።

«እርስዎ ነዎት ያመለጡኝ?» አሏቸው በደንበኞቻቸው ፊት።

«እጄ እኮ ድኗል፣ ሲስተር።»

«ገና ነው። እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

ጋሽ ገበያው ዓይናቸውን ጨፍነው ተወጉ፤ ለምስጋናም የሻኛ ሥጋ ቆርጠው ከነአዋዜው አቀረቡ። እኅቴ «ጥሬ ሥጋ አልበላም» ሲሉ በላተኛው ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው። ጋሽ ገበያው «ለምን?» ቢሏቸው «ሆድ ውስጥ የሚያደርገውን ስለማውቅ ነዋ» ብለው መለሱ። ሰውየው ሳይቀየሙ ሥጋውን ራሳቸው ጠብሰው አመጡላቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ስፌቱ የሚፈታበት ቀን ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ለማስፈታት ተመላለሱ። ሦስተኛው ላይ እኅቴ ነገሩ ገባቸው። በጥር 1974 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ሲጋቡ፣ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ ጥሬ ሥጋ ያልቀረበላቸው ሙሽራይቱ ብቻ ነበሩ፤ የጋሽ ገበያው እናትም «ሥጋ የምትፈራ ሴት ለሥጋ ነጋዴ!» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ ሙሽራው ከሙሽራይቱ ጥብስ አብረው መቁረስ ጀመሩ። ጋሽ ገበያውም ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሬ ሥጋ አልቀመሱም። አርባ ዓመት ሙሉ ግን «ዛሬ የወጣው ሥጋ ልዩ ነው፣ አሁን ነው የቀመስሁት» እያሉ ሸጠውላችኋል። ምስጢራቸውን በዛሬው ቀን ስላወጣሁ ጋሽ ገበያውም፣ ደንበኞቻቸውም ይቅር በሉኝ።

ፍሬሰላምና ኢያቄም የተባሉ ሁለት ልጆች ወልደው፣ ካዛንቺስ በነበረው የጋራ ግቢ ውስጥ ተከባብረው ሲኖሩ፣ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. የእኅቴን ጠባይ የለወጠው ነገር ደረሰ። በዚያው ግቢ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ጃለኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከተገላገሉ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ዝናቡ አላባራ ስላለ ሊያርሷቸው የመጡት አክስታቸው ከሰል በማንደጃ አቀጣጥለው ወደ ቤት አስገብተዋል። እኅቴ ማታ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት አራሷን ሊጠይቁ ገብተው ከሰሉን አዩና «በሩን ገርበብ ብታደርጉት ይሻላል» አሉ። አክስትየው «አራስ ቤት ተከፍቶ ያድራል እንዴ፣ ሲስተር? ብርድ ይመታታል እኮ!» ሲሏቸው፣ እኅቴ ለመከራከር አፍረው፣ ፈገግ ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ሲመለሱ የአራሷ በር እንደተዘጋ ነው። አንኳኩ፤ መልስ የለም። የሕፃን ድምፅም የለም።

«ገበያው! ና በሩን ስበረው!»

ጋሽ ገበያው በባዶ እግራቸው ሮጠው መጥተው በሩን በትከሻቸው ገነጠሉት። እናት ሕፃኗን እንዳቀፉ፣ አክስትም ከአልጋው ሥር እንደተኙ ቢጠሯቸው አይሰሙም። ሦስቱንም ተሸክመው ዝናብ ውስጥ አወጧቸው፤ እኅቴም ጭቃው ላይ ተንበርክከው የሕፃኗን አፍና አፍንጫ በአፋቸው ሸፍነው በስሱ እፍ፣ በስሱ እፍ ሲሉ፣ ግቢው ሁሉ ዙሪያቸውን ቆመ። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ሕፃኗ አለቀሰች። እናትና አክስትም አየሩ ሲያገኛቸው እያስመለሱ ነቁ፤ ሦስቱም ሆስፒታል ገብተው በሦስተኛው ቀን በሰላም ተመለሱ። ሕፃኗ ፀሎት ተባለች። ዛሬ የእኅቴን ፎቶግራፍ ይዛ ከፊታችሁ የቆመችው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት እሷ ናት።

በዚያ ጠዋት ሰው ሁሉ እኅቴን ሲመርቅና ሲስም፣ እኔ ደርሼ ያገኘኋቸው ከቧንቧው አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው በረጠበ ዩኒፎርማቸው ሲያለቅሱ ነው። «ትናንት አውቄ ነበር፣ ሃብተአብ» አሉኝ። «እያወቅሁ፣ ነገረኛ እንዳልባል ብዬ ዝም አልሁ።»

ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብለው አያውቁም፤ «ሲስተር ተዉ» የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። በክረምት የከሰል ጭስ ባዩበት ቤት ሁሉ ሳይጋበዙ ይገባሉ። ወደ መስቀል አደባባይ በሚሄድ ታክሲ ረዳቱ «እማማ ግቡ፣ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው፣ አንድ ትርፍ ነው!» ሲላቸው «ትርፍ የሚባል ሰው የለም፣ ልጄ፤ ሁሉም የእናቱ ልጅ ነው» ብለው ዝናብ ላይ ቆመው ሌላ ይጠብቃሉ። በእድር ስብሰባ ላይ ለወገባቸው በየቀኑ ማስታገሻ የሚውጡትን ሽማግሌ «ለኩላሊትዎ ሲሉ ይተዉት» ብለው ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው ሄደዋል። የተቆጧቸውም፣ ያኮረፏቸውም ነበሩ። እሳቸው ያኮረፋቸውን ሰው በሳምንቱ ቤቱ ሄደው ይጠይቁና፣ ሲወጡ ደግሞ ያንኑ ይደግሙለታል።

እኔም አላመለጥሁም። በ1997 ዓ.ም. የታክሲ ሰልፍ አማሮኝ በአርባ ስድስት ዓመቴ ሞተር ብስክሌት ገዝቼ እየተንደቀደቅሁ ግቢያቸው ደረስሁ። አልተቆጡኝም። «ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቦታዬ ና፣ ምሳ ይዘህልኝ» አሉኝ። ምሳውን ይዤ ብሄድ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ አስቀምጠውኝ «መጣሁ» ብለው ገቡ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልወጡም። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ከፊቴ በቃሬዛ ያለፉትን የሞተር ነጂዎች ቁጥር ለእናንተ መናገር አያስፈልግም። ሲወጡ «ምሳው ቀዘቀዘ አይደል?» ብቻ አሉኝ። ሞተሩን በሳምንቱ ሸጥሁት።

ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ከባለቤታቸው ጋር ቂርቆስ፣ ልጃቸው ፍሬሰላም ወደምትኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ሌላው ሰው ዕቃ ሲያራግፍ እሳቸው የደረጃውን መደገፊያ ብረት በእጃቸው እየነቀነቁ ወጡ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተገንጥሎ አገኙት። ለኮሚቴው ቢያመለክቱ «ይታያል» ተባሉ። በማግስቱ ወንበር አውጥተው ከተገነጠለው ብረት አጠገብ ተቀመጡ፤ ለሚወጣ ለሚወርደው ሁሉ «በግድግዳው በኩል፣ የኔ ልጅ፣ በግድግዳው በኩል» ሲሉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው ዘይትና ሽንኩርት ተሸክመው ሲያልፉ «እርስዎም በግድግዳው በኩል» ተባሉ። ከሰዓት በኋላ ብረት በያጅ መጣ።

ባለፈው ሰኔ ወር ምግብ አልዋጥ ብሏቸው ሲመረመሩ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ምንነቱን ማንም አላስረዳቸውም፤ ወረቀቱን ራሳቸው አንብበው አጥፈው በቦርሳቸው አስገቡት። ልጃቸው ኢያቄም ግን ሐዘኑ ቁጣ ሆነበትና አንድ ቀን በሁላችን ፊት «እማዬ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ታዲያ ለምን ነበር? ምን ጠቀመሽ?» አላቸው። እኅቴ እጁን ይዘው «ልጄ፣ የተጠነቀቅሁት እንዳልሞት አይደለም እኮ» አሉት። «አንተን ለማሳደግ፣ ሩቲን ለማቀፍ፣ ከአባትህ ጋር ለማርጀት ነው። ይኸው ሁሉም ሆነልኝ።» ሩቲ የፍሬሰላም ልጅ፣ ብቸኛ የልጅ ልጃቸው ናት።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጋሽ ገበያው መረቅ እየሠሩ በማንኪያ ይመግቧቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው «ጨው በዝቷል» አሏቸው። «ለአንቺ አፍ ነው የበዛው» ቢሏቸው «ስለ እኔ አይደለም፤ የተረፈውን አንተ ትጠጣዋለህ፣ ግፊት አለብህ» ብለው መለሱ። ጋሽ ገበያው ስቀው ሳይጨርሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ እኔ አይቻለሁ።

ሲስተር አልጋነሽ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ጥር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ስድስት ሰዓት ላይ፣ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ሳሉ፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ጋደም ብለው ዐረፉ። ከባለቤታቸው ከጋሽ ገበያው፣ ከልጆቻቸው ከፍሬሰላምና ከኢያቄም፣ ከልጅ ልጃቸው ከሩቲ፣ ከእኔ ከወንድማቸው፣ እንዲሁም እንደ ልጅ ከሚያዩዋት ከፀሎትና ስማቸውን እዚህ መዘርዘር ከማይቻለኝ ጎረቤቶች ጋር በሥጋ ተለያዩ።

ከማረፋቸው በፊት ለእኔ የሰጡኝ አንድ አደራ አለ። «ለቀስተኛውን በአንድ አውቶቡስ አጭቃችሁ እንዳትወስዱ፤ ሁለት ተከራዩ» ብለውኛል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጪ ወደ ልቅሶ ቤት የሚወስዱን ሁለት አውቶቡሶች ቆመዋል፤ ማንም እንዳይቆም፣ ሁሉም በየወንበሩ ይቀመጥ። እግዚአብሔር የእኅቴን ነፍስ ድካም ከሌለበት ማረፊያ ያግባልን፤ እናንተን፣ እሳቸው እንደሚመኙላችሁ፣ ሁላችሁንም በሰላም ከየቤታችሁ ያድርሳችሁ። አሜን።