ናዳው ላይ የበቀሉት ነጫጭ አበቦች

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሀስና ሙሐመድዘይን
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ ዞን፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም
ጉዳዩ፦ የአቶ ሞላ ወርቁ መጥፋትና አሟሟት

በተጠየቅሁት መሠረት የማውቀውን እናገራለሁ። አቶ ሞላ ወርቁ በችግኝ ጣቢያው አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ክረምት የሚያብብ ነጭ የዱር ኦርኪድ አለ። በእኛ አገር ስሙን የሚያውቅ ስላላገኙ እሳቸው «የምሽቷ» ይሏት ነበር። ቀን ሽታ የላትም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ከሩቅ ትሸታለች።

አበባዋን ማልማት ያስተማሩኝ አቶ ሞላ ናቸው። ዘሯ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለ ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም። በበጋ ቅጠሏ ይደርቅና እንደ ትንሽ ድንች ያለው ሥሯ መሬት ውስጥ ይተኛል። ማዛወር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ከነአፈሩ። «ከአፈሯ ከለየሻት ገደልሻት» ይሉኝ ነበር።

ሜዳው ሊታረስ መሆኑ ስለተሰማ አቶ ሞላ በግንቦት ወር መጨረሻ ሥሮቹን ለማውጣት ሄዱ። በባጃጅ ወስዶ ሜዳው ዳር ያወረዳቸው ወንድሜ ናስር ነው። ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። አቶ ሞላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሜዳውም ወንዙም ቢፈለግ ሥሮቹ የወጡባቸው ጉድጓዶች ብቻ ተገኙ። ለመጨረሻ ጊዜ አብሯቸው የታየው ናስር በመሆኑ ዘመዶቻቸው ጠረጠሩት። አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ሰው ፊት ቆሞ ቢምልም የሚያምነው አጣ። ባጃጁን አቆመ፤ ከቤት መውጣትም ተወ። ለእኔ እንኳ «ወላሂ ሀስና፣ በደህና ነው የተለየኋቸው» እያለ ይምልልኝ ነበር።

ነሐሴ 24 ቀን ከሥራ ወጥቼ፣ ከመግሪብ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከአቶ ሞላ ቤት ጀርባ ባለው ቦረቦር በኩል ሳልፍ የምሽቷ ሸተተችኝ። ቦታው ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ እዚያ በቅላ አታውቅም። ሽታውን ተከትዬ ወረድኩ። የቦረቦሩ አፋፍ ተንዶ በቆለለው አፈር ላይ ነጫጭ አበቦች ቆመዋል። ሜዳው ላይ ተራርቀው ነው የሚበቅሉት፤ እነዚህ ግን ጠባብ ቦታ ላይ፣ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ተጠጋግተዋል። «አዑዙ ቢላህ» አልኩ። ማን ተከላቸው ብዬ የአንዷን ሥር ለማየት አፈሩን በጣቴ ስጭር ጨርቅ ነካሁ። የሸራ ቦርሳ ነው። ውስጡ በሜዳው ጥቁር አፈር የተሞላ ሲሆን ቡቃያዎቹ በአፉ በኩል ወጥተዋል። ማንገቻውን ብስበው አልመጣ አለኝ። ከታች የያዘው የሰው እጅ ነበር። ጮህኩ።

ፖሊስ ሲያስቆፍር ቆሜ አይቻለሁ። አቶ ሞላን ናዳው የዋጣቸው እንደቆሙ ነው። ቀኝ እጃቸው ቦርሳውን ከራሳቸው በላይ አንስቶ፣ የአበባው ሥር በጣቶቻቸው መካከል አልፎ ነበር። ዝናቡን ሸሽተው በአቋራጭ ሲመጡ እንደተናደባቸው እገምታለሁ። ከዚያ እስከ ቤታቸው ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

ናስር ሰምቶ መጣ። ማንም ሳይጠራው ቃሬዛውን ከሟች ዘመዶች ጋር ተሸከመ፤ የከለከለው የለም።

የሟች ባለቤት ወ/ሮ ንግሥት አበቦቹን ሲያዩ አላለቀሱም። እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና «ሀስናዬ፣ ይሄ ሽታ እኮ ሰነበተ። እየመሸ ሲሄድ ቤቴ ይገባ ነበር» አሉኝ።

«እትዬ፣ ታዲያ ምነው ሳይናገሩ?» አልኳቸው።

«እሱ የመጣ መስሎኝ ፈራሁ። መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩበት» አሉኝ።

ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ቃሌ ተጽፎ ተነቦልኛል፤ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት መናገሬንና ቃሌ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን አማኑኤል አዳነ
ፊርማ ____________