ትልቁን ሳይክል ስጠው

በዋጋ ክርክር እናቴን የሚችላት የለም። ስለዚህ ማውንቴን ሳይክል ልገዛ ከባቱ አዳማ ስሄድ ይዣት ሄድኩ። ነጋዴው ሁለት ሳይክሎች ላይ አውጥቶ አወረደኝና ነገሩን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ አስረዳት። "እማማ፣ የልጅዎ ቁመት በመካከለኛውና በትልቁ ፍሬም መሃል ነው። አነስ ያለው ይሻለዋል። የትንሹ መቀመጫ ከፍ ይላል፤ ይሄ የትልቁ የላይኛው ብረት ግን ዝቅ አይልም።"

እናቴ ዩኒፎርሜን እንኳ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ነበር የምታሰፋልኝ። "ትልቁን ስጠው፤ ያድግበታል" አለች።

ሰውዬው መላጣዬን አየት አደረገ። "ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሠላሳ ስምንት። አባቱም ዘግይቶ ነው ያደገው።"

ሰው ፊት ከእናቴ ጋር አልከራከርም፤ ትልቁን ልሞክረው ይዤ ወጣሁ። ገና አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ አንድ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ቆመ። ፍሬን ይዤ ልወርድ ስል፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ብረቱ ነካኝ። የቱ ጋ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጉልበቴን ገጥሜ፣ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ።

እናቴ መጥታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ቅር እያላት ወደ ነጋዴው ዞረች።

"በል ትንሹን ስጠው" አለችው። "ለካ ማደጉን ጨርሷል።"