ባርኮት አባተ የሚባል ሰው የለም

አንባቢ ሆይ፣ ስጦታ ልስጥህ ብሎ አስቀድሞ ያንተን ላም የሚያሸጥ ባለጠጋ አይተህ ታውቃለህ? አላየህም። አቶ ዳልጮም አላዩም፤ ነገር ግን በዚያ ቅዳሜ ላሚቱን ነድተው ሻንቶ ገበያ የወረዱት እንዲህ ያለ ባለጠጋ አገኘሁ ብለው ነበር።

ሞባይል ስልክ ገጠራችንን ማዳረስ የጀመረበት ዘመን ነው። አቶ ዳልጮ ሶዶ በተከፈተው ባዛር የዕጣ ትኬት ቆርጠው፣ ስማቸውና ቁጥራቸው ተጽፎ ሣጥን ገብቶ ነበር። በሳምንቱ አንድ ለስላሳ ድምፅ ደውሎ የዱባይ ሽርሽር ለሁለት ሰው እንደደረሳቸው አበሠራቸው። የጉዞ ማስፈጸሚያው ገንዘብ ግን ቅዳሜ ባንክ ሳይዘጋ ካልገባ ዕድሉ ለሌላ ያልፋል፤ እስከዚያም ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ።

ላሚቱ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፈጠነች ናት። የዘመን መለወጫው የጊፋታ በዓል ቅቤ የሚጠራቀመው ከእሷ ነው፤ ልጃቸው ባርኮት ሶዶ ቤት ተከራይታ የምትማረውም በእሷው ወተት። ወይዘሮ ፈጠነች ላሚቱ ሣር ላይ ያለች መስሏቸዋል።

ደላላው ደገፉ ገመዱን ጨብጦ ዋጋ ሊያስጨርስ ሲል፣ የጎረቤት ልጅ መምህርት ሰገነት ከሚኒባስ ወረደች። ተሳሳሙ። የምትታለብ ላም ለምን እንደሚሸጡ ብትጠይቃቸው አቶ ዳልጮ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ስልካቸው ጮኸ። ፈንጠር ብለው፣ «አዎ ጌታዬ፣ እየሸጥኩ ነው» ሲሉ ሰማቻቸው። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም፤ ሁሉን ነገሯት።

«ጋሼ፣ ሽልማት የሚሰጥ ሰው ይሰጣል እንጂ አይቀበልም» አለች።

«አንቺ ለሚኒባሱ አልከፈልሽም? ዱባይ በነፃ ይደረሳል?»

«ከፍያለሁ። ረዳቱ ግን እንኳን ደስ አለሽ አላለኝም።»

ደገፉ ሳቀ። አቶ ዳልጮ ግን ፊታቸው ጠቆረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ዕጣ ሰው ቢጥለውም የሚያወጣው ጌታ ነው ብለው ያምናሉ። «ትኬቱን በእጄ ቆርጫለሁ። ወይስ ጌታ ዕጣ የሚያወጣው ለተማረ ብቻ ነው?» አሏት።

ይህን ጥያቄ የሚንቅ ደንቆሮ ነው! ዕድሜውን ሙሉ «ይህ ላንተ አይደለም» ሲባል የኖረ ገበሬ፣ አንድ ቀን «ያንተ ነው» ቢባል ለምን አይመን? ሌባው የሚያርሰው ይህንኑ ማሳ ነው።

«ትኬት መቁረጥዎ እውነት ነው፤ ሌባው የተደገፈው ያችን እውነት ነው» አለች ሰገነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለመሆኑ እትዬ ፈጠነች ያውቃሉ?»

«ያልተወለደ ልጅ ስም አይወጣለትም። ሲሆን ታየዋለች።»

«ላልተወለደ ልጅ ታዲያ ላም ይሸጣል?»

ደገፉ ገመዱን ጎተተ። «አባባ፣ ገዢው ሊሄድ ነው። ትሸጣላችሁ ወይስ ትሰብካላችሁ?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሰገነት ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች። «አቶ ባርኮት፣ ባንኩ ሊዘጋ ነው» አለ ለስላሳው ድምፅ።

«ይኸው፣ ያውቀኛል» አሉ አቶ ዳልጮ።

«ለባንኩ ሙሉ ስማቸው ማን ይባል?» ጠየቀች ሰገነት።

«አቶ ባርኮት አባተ። ፓስፖርቱም የታዘዘው በዚሁ ስም ነው።»

«አባተ?» አሉ አቶ ዳልጮ። በሰፈራቸው ወግ የወለደ ሰው በልጁ ስም ይጠራል፤ ክብር ነው። ትኬት ሻጯ ልጅ «ማን ልበል?» ስትላቸው የባርኮት አባት ለማለት «ባርኮት አባት» ብለዋት ነበር፤ የሰማችውን ጻፈች። ሌባው ደግሞ አባትን አባተ አድርጎ አነበበው።

«ጌታ ቢያወጣልኝ ስሜን አይስትም ነበር» አሉና ገመዱን ከደገፉ እጅ ወሰዱ።

ስልኩ ተዘጋ።

የማማከርን ጥቅም በዚህ እዩት፦ ላሚቱ ዳነች፤ ቅቤውም፣ የባርኮት ትምህርትም ዳነ። ይህን ሁሉ ያዳነው አንድ ምስጢር ለአንድ ጎረቤት መውጣቱ ነው። አትንገር የተባለ ሁሉ አስቀድሞ ይንገር፤ ሌባ የሚገባው ዝም ባለ ቤት ነው።

ለአቶ ዳልጮ ግን ይህ አልበቃቸውም። ያ የተጣመመ ስም ከዚያች ትኬት በቀር የትም አልተጻፈም። ላሚቱን ዘመድ ቤት አስረው ከሰገነት ጋር ሶዶ ገቡ። ባዛሩ የሁለተኛውን ዙር ዕጣ በድምፅ ማጉያ እየሸጠ ነበር። አዘጋጁ ነገሩን ሲሰማ በትሕትና ክንዳቸውን ያዘና ቢሮ ገብተው እንዲነጋገሩ ለመናቸው።

አቶ ዳልጮ ክንዳቸውን አስለቀቁ። ሕዝቡ ዞሮ ያያቸው ጀመር።

«ቢሮ አልገባም፤ በጆሮዬም አትንገረኝ» አሉት። «ስማችንን ያስገባንበትን ሣጥን ለማን ሰጣችሁት? ትኬቱን በምትሸጥበት በዚሁ ማይክ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መልስ።»