የዘሃራ ደም

በደርግ ጊዜ ነው። ደሴ የላቦራቶሪ ሙያ ስማር ለልምምድ ኮምቦልቻ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩላችሁ። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ትኩሳት የሚያቃዣትን ልጇን ዘሃራን አዝላ ከተፍ አለች። ከልጅቷ ጣት ደም ወስጄ መስታወት ላይ ቀባሁና በቀለም ነክሬ ለኃላፊያችን ለጋሽ ታደሰ ሰጠኋቸው። በማይክሮስኮፕ አዩና፣ «ወባ የለባትም» አሉ።

እኔ ግን ልቤ አላመነም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም አንዴ ልየው?» አልኳቸው። አብረውኝ የሚማሩት ሳቁ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ፈለግሁ፤ በመጨረሻ አንዲት ቀለበት የመሰለች ነገር፣ ቀጥሎም ሌላ አገኘሁ። «አለ! ወባ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩት። ቀና ሲሉ መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት። «ውጤቱን አንቺ ጻፊ። ፈርሚበትም፤ ያየሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ጻፍኩና ፈረምኩ።

ዘሃራ መድኃኒቷን ጀመረች። ከቀናት በኋላ በእግሯ እየሄደች ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው፣ «አላህ ያክብራችሁ፤ የልጄን በሽታ ያገኘላት የትኛው ሐኪም ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፍሬ ሳቀረቅር ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት አወጡኝና፣ «ይቺ ናት! እኔ አልፌው ነበር» አሏት።